ኔቱ ነው ወይስ ዋይፋዩ? ስማርት ቲቪን በኬብል ስለማገናኘት

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ ዩትዩብ ላይ ድራማ ይከፍታል። ትንሽ እንደሄደ ምስሉ ቀጥ ይልና መሃሉ ላይ ክብ መዞር ይጀምራል። «ኔት የለም» ይባላል። ሞደሙ ይጠፋል፣ ይበራል፤ አገልግሎት ሰጪው ይወቀሳል፤ አቅም ያለው ደግሞ ፓኬጁን ያሳድጋል። ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን አለ፦ የደከመው ወደ ቤት የሚገባው ኢንተርኔት ነው ወይስ ከሞደሙ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው መንገድ? የመጀመሪያው በአገልግሎት ሰጪው እጅ ያለ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው በእኛው እጅ ነው፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ አንድ የኔትወርክ ኬብል ነው። ሐዋሳ ውስጥ ስማርት ቲቪ ያለው ቤት በበዛበት በዚህ ጊዜ ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይተርፍለታል ብዬ አምናለሁ።

ለመለየት ስልክ ብቻ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ በሚያስቸግርበት በዚያው ሰዓት የስልክዎን የሞባይል ዳታ ያጥፉና ዋይፋዩን ብቻ ይተዉ። መጀመሪያ ሞደሙ አጠገብ ቆመው በስፒድ ቴስት መተግበሪያ ፍጥነቱን ይለኩ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ጋ ሄደው ስልኩን ከስክሪኑ ጀርባ አስጠግተው ደግመው ይለኩ። ሞደሙ ጋ በሰከንድ 20 ሜጋቢት አግኝተው ቴሌቪዥኑ ጋ 3 ከሆነ፣ ፍጥነቱ የጠፋው ቤት ውስጥ ነው፤ ኬብል ይመልሰዋል። ሁለቱም ቦታ 2 ወይም 3 ከሆነ ግን ኬብል ለመግዛት አይቸኩሉ። ኬብል ፓኬጅ አያሳድግም፤ ሥራው ሞደሙ የተቀበለውን ሳያጎድል ማድረስ ብቻ ነው።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ዩትዩብ ራሱ የሚመክረው ለ720ፒ ጥራት 2.5፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ 15 ይላል። እዚህ ላይ ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታቱ። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ የ10 ሜጋቢት ፓኬጅ ያለው ሰው ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት አካባቢ ቢያይ የከፈለበትን በትክክል እያገኘ ነው።

ዋይፋዩ ለምን ይደክማል?

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሞገድ ደግሞ በየግድግዳው ጉልበቱን እየጣለ ነው የሚሄደው። የተለመደውን የሐዋሳ ግቢ ያስቡ። ፊት ለፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ የሰርቪስ ክፍሎች፣ መሃል ላይ ሮቶ። ሞደሙ ፋይበሩ ወይም የስልክ መስመሩ በገባበት በሳሎኑ ጥግ ተሰቅሏል። ሞገዱ ሰርቪሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ሦስት የብሎኬት ግድግዳ ማለፍ አለበት። መንገዱ ላይ ውሃ የሞላ ሮቶ ካለ ውሃው የሞገዱን ጉልበት ይውጠዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሱታል። ፎቅ ቤት ላይ ሶሌታው ውስጥ ያለው ፌሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ምድር ላይ ጥሩ የነበረው ዋይፋይ ላይኛው ፎቅ ሲደርስ የሚሞተው ለዚህ ነው።

የቴሌቪዥኑ አሠራርም የራሱ ችግር አለው። አንቴናው ትንሽ ነው፣ የተቀመጠውም ከስክሪኑ ጀርባ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አንቴናው በስክሪኑ ብረትና በግድግዳው መሃል ይታፈናል። እዚያው ቆመው ስልክዎ ደህና እየሠራ ቴሌቪዥኑ የሚያነክስበት ጊዜ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግድግዳውም በላይ የሚያስቸግር ሌላ ነገር አለ። በአንድ የዋይፋይ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ልክ እንደ እድር ስብሰባ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ ሁለት ሰው በአንዴ ከተናገረ የማንም ስለማይሰማ ሁለቱም ይደግማሉ። ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮች፣ የተማሪው ላፕቶፕና ቴሌቪዥኑ ሁሉም ተራ ይጠብቃሉ። በዚያው ቻናል ላይ ያለ የጎረቤት ሞደምም ከወረፋው ውስጥ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ቢለያይም አየሩ አንድ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሞገድ ክልል ላይ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየበሩ አንድ ሞደም ሲኖር እነዚህን ሦስቱን ነው ሁሉም የሚሻማው። ማታ ላይ ዋይፋይ የሚብሰው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ በአንድ ሰዓት ይከፍታል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣንና ሰፊ ነው፣ ነገር ግን ግድግዳ ማለፍ ላይ ከ2.4ቱ ይደክማል። ሞደሙና ቴሌቪዥኑ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ምናልባት ቴሌቪዥኑን ወደ 5ቱ ማዛወር ብቻ ይበቃችኋል፤ መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይመጣል። ከሞደሙ የራቀ እቃ ምልክቱ ስለሚደክም ቀስ ብሎ ነው የሚነጋገረው። ቀስ ሲል ደግሞ ያንኑ መረጃ ለመቀበል ረዘም ያለ ጊዜ ይይዛል፤ ሌላው በዚያ ሁሉ ጊዜ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰርቪስ ቤት ያለ አንድ ቴሌቪዥን ሞደሙ ሥር የተቀመጠችውን ልጅ ስልክ ጭምር ያዘገያል። ቴሌቪዥን ደግሞ ከቤቱ እቃ ሁሉ ብዙ የሚያወርደው ነው፤ ሰዓታት ሙሉ ሳያርፍ ይጎትታል። እሱን ከአየሩ አውጥቶ ወደ ኬብል ማዛወር የሚጠቅመው እሱን ብቻ ሳይሆን በዋይፋይ ላይ የቀሩትን ሁሉ ነው። ስልክና ላፕቶፕ ስለሚንቀሳቀሱ ዋይፋይ ያስፈልጋቸዋል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመት ሙሉ ከቦታው የማይነቃነቅ እቃ ግን አየሩን የሚሻማበት ምክንያት የለውም።

ክቡ ለምን እንደሚዞርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዩትዩብ ቪዲዮውን እንደ አንድ ረጅም ፋይል አይልከውም፤ የጥቂት ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ይከፋፍለዋል። ቴሌቪዥኑ ከምናየው ቀደም ብሎ ቁራጮቹን እያወረደ ያጠራቅማል፤ ፍጥነቱንም እየለካ ቀጣዩ ቁራጭ በየትኛው ጥራት ይምጣ የሚለውን ይወስናል። የተጠራቀመው ሲያልቅ ነው ክቡ የሚመጣው። ስለዚህ የሚጎዳው አማካይ ፍጥነቱ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ መዋዠቁም ነው። አንዴ 15፣ አንዴ 1 እየሆነ የሚዘል ዋይፋይ በአማካይ 8 ቢደርስም ያቆራርጣል። ሳይዋዥቅ 6 የሚሰጥ ኬብል ግን 1080ፒን ያለ ችግር ያሳያል።

ኬብሉ፦ ምን ይገዛ?

ኬብሉ ሲላጥ ስምንት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች ናቸው። መጠማዘዙ ትልቅ ሥራ አለው። በጥንዱ ሁለት ሽቦዎች ላይ አንዱ የሌላው ተቃራኒ የሆነ ምልክት ይላካል። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ፣ ለምሳሌ ከመብራት መስመር ወይም ከሞተር፣ ሽቦዎቹ አንድ ላይ ስለተጠማዘዙ ሁለቱን እኩል ይነካል። ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ እኩል የገባው ረብሻ ተሰርዞ ይቀራል። ይህን ዘዴ ለስልክ መስመር ያመጣው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881። ዛሬ 4ኬ ፊልም የሚያሳልፈው ያው ዘዴ ነው።

ሱቅ ውስጥ ካት 5ኢ፣ ካት 6 እያሉ የኬብሉን ደረጃ ይጠይቁዎታል። ለቴሌቪዥን ካት 5ኢ ከበቂ በላይ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያሳልፋል። ዋጋው ከተቀራረበ ካት 6 ይውሰዱ። ካት 7 ወይም ካት 8 ነው እያሉ ለሚጨምሩት ዋጋ ግን ቴሌቪዥንዎ የሚያገኘው ምንም ነገር የለም።

ቁጥሩን ከመጠየቅ ይልቅ ሽቦው ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይበልጣል። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ኬብል ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው፤ አንዳንዱ ላይ «ሲሲኤ» (CCA) ተብሎ ተጽፏል። አሉሚኒየም ከመዳብ ያነሰ ያስተላልፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በጊዜ ብዛትም ጫፉ ላይ ያለው ግንኙነት ይላላል። አምስት ሜትር ሳሎን ውስጥ ሊሠራልዎ ይችላል። ግቢ አቋርጦ ሠላሳ ሜትር ለሚሄድ፣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ለሚቀበር ግን አልመክርም፤ ሲበላሽ መልሶ ማውጣቱ ከኬብሉ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ለመለየት ከአንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ በምላጭ ፋቅ ያድርጉ። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ብር ከመሰለ አሉሚኒየም ነው። ክብደቱም ይናገራል፤ የመዳቡ ጥቅል በእጅ ሲያዝ ከበድ ይላል።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። የብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል ፖርት፣ በውድ ዋጋ የተገዙትም ሳይቀሩ፣ ከ100 ሜጋቢት አይበልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ደረጃ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ኬብል ሰክተው ፍጥነት ሲለኩ 94 ወይም 95 ላይ ቢቆም ኬብሉ አልተበላሸም። እንዲያውም ሞደሙ እዚያው ክፍል ካለና ፓኬጅዎ ትልቅ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በመለኪያው ላይ የበለጠ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ይህ ግን ሊያሳስብዎ አይገባም፤ 4ኬ የሚፈልገው 20 ነው። 100 የሚያንሰው ከቤት ኮምፒዩተር ላይ ከዲስክ የተገለበጠ በጣም ከባድ 4ኬ ፊልም ለሚያጫውት ሰው ብቻ ነው።

ኬብሉን መዘርጋት

አንዳንድ ሰው ኬብል ከመዘርጋት ሞደሙን ራሱን ወደ ቴሌቪዥኑ ማምጣት ይቀለኛል ይላል። በስልክ መስመር ለሚሠራ ሞደም ይቻላል። ፋይበር ከሆነ ግን ያቺን ቀጭን ገመድ አይንኩ። ውስጧ መስታወት ነው፤ ጠበብ ብላ ከታጠፈች ብርሃኑ ያፈተልካል፣ ከተሰበረች ደግሞ ባለሙያ ካልመጣ አትጠገንም። ጫፏ ከተነቀለም ወደ ውስጥ አይመልከቱ፤ የማይታይ ሌዘር አለው። የሚረዝመው የኔትወርክ ኬብሉ ይሁን።

ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አያስገቡት። ረብሻው ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው አደጋ የ220 ቮልቱ ሽቦ ልጣጩ ተበልቶ ቢነካው ሞደሙን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሲከፋም ሰው መያዙ ነው። መስቀልኛ ቢተላለፉ ችግር የለውም፤ ተጣብቀው ጎን ለጎን መሄድ ነው የማይፈለገው። ውጭ ለሚያልፍ ክፍል ጥቁሩን የውጭ ኬብል ይግዙ፣ ወይም የቤቱን ኬብል በፒቪሲ ቱቦ ያሳልፉ። የሐዋሳ ፀሐይ ነጩንና ግራጫውን ልጣጭ በጊዜ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ዝናቡ ይገባል። ወደ ቤት ከሚገባበት ቀዳዳ በፊት ኬብሉን ወደ ታች ዝቅ አድርገው መልሰው ወደ ላይ ያስገቡት፤ ውሃው ከዝቅታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተለውም።

ተከራይ ከሆኑ ቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። «እትዬ፣ ግድግዳው ሳይበሳ በመስኮቱ ጥግ ላሳልፈው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እሺታ ያገኛል። ዋይፋዩን ከአከራይ ጋር ተጋርታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በኬብል ማድረጋችሁ ለእሳቸውም ስልክ እንደሚጠቅም ብታስረዷቸው እውነት ነው።

የመብረቁን ነገር በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ሐዋሳ ላይ በበልግም በክረምትም ነጎድጓድ አይጠፋም። መብረቅ እቃ ለማቃጠል ኬብሉን ራሱን መምታት አያስፈልገውም። አቅራቢያ ሲወድቅ በረጅም የመዳብ ሽቦ ላይ የሚፈጥረው ቮልቴጅ የሞደሙንም የቴሌቪዥኑንም ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። ስቴብላይዘር አለኝ ብለው አይተማመኑ፤ እሱ የሚቆጣጠረው በመብራት መስመር የሚመጣውን ነው፣ በኔትወርክ ኬብል የሚገባውን አያየውም። ስለዚህ ከቤት ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ ኬብል ካለዎት ሰማዩ ሲጠቁር ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት፤ ነጎድጓዱ አናት ላይ ከደረሰ ግን ገመዱን አይንኩት። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ቤቶችን በቋሚነት ማገናኘት ለሚፈልግ በመሃል ፋይበር ማድረግ ይሻላል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ግድግዳ ውስጥ ወይም ክፍል ውስጥ ብቻ ለሚሄድ አጭር ኬብል ይህ ስጋት በጣም ያነሰ ነው።

ጫፉን በትክክል ማሰር

እስከ ሃያ ሜትር ከሆነ ጫፉ ተሠርቶ የመጣ ኬብል መግዛት ይሻላል። ረዥም በሜትር ካስቆረጡ ሱቁ ውስጥ ጫፉን ክሪምፕ ያደርጉልዎታል፣ ማለትም ኮኔክተሩን በመቆንጠጫ ያስሩልዎታል፤ ሲያደርጉ ግን አጠገባቸው ቆመው ይዩ። የቀለሙ ተርታ በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆን አለበት። በብዛት የሚሠራበት ተርታ፣ የጫፉ መቆለፊያ ወደ ታች ዞሮ ከግራ ወደ ቀኝ ሲታይ፣ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው።

«ሁለቱ ጫፍ አንድ እስከሆነ ድረስ ቀለሙን እንደፈለግን ብንደረድረው ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። አለበት። በ100 ሜጋቢት ፖርት ላይ ምልክቱ የሚሄደው በ1 እና 2፣ በ3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎች ላይ ነው። 3 እና 6 አብረው የተጠማዘዙ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ አረንጓዴው ጥንድ ከሰማያዊው ጥንድ ግራና ቀኝ ተከፍሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ቀለማቱን ጥንድ በጥንድ በተርታ የደረደረ ሰው 3ን ከአንድ ጥንድ፣ 6ን ከሌላ ጥንድ ይወስዳል። ያን ጊዜ ረብሻን የመሰረዙ ሥራ ይቀራል። ክፋቱ ደግሞ ተራው የኬብል መፈተሻ (ቴስተር) ይህን ስህተት አያሳይም፤ ስምንቱም ሽቦ ከጫፍ ጫፍ ስለሚገናኝ ስምንቱም መብራት በተርታ ይበራል። ኬብሉ አጭር ሲሆን ይሠራል፣ ሲረዝም ይንቀራፈፋል፤ ባለቤቱም «ቴስት ተደርጓል» እያለ ሌላ ቦታ ጥፋት ሲፈልግ ይከርማል። ሽቦዎቹን ለማስተካከል ሲፈቱም ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙ አይለፍ። ልጣጩ ደግሞ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት፤ ሽቦዎቹ ራቁታቸውን ከታዩ ኬብሉ በተጎተተ ቁጥር ይላላል።

መሰካትና ማስተካከል

የቴሌቪዥኑ ፖርት ከኋላ ወይም ከጎን ነው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ «ላን» (LAN) ወይም «ኢተርኔት» (Ethernet) ተብሎ በላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ሞደሙ ላይም «ላን» ከሚሉት ቁጥር ካላቸው ፖርቶች አንዱ ላይ ይሰኩ። «ዋን» (WAN) በሚለው ላይ አይደለም፤ ጠበብ ያለው ፖርት ደግሞ የስልክ ነው። አንዳንድ የፋይበር ሞደሞች ላይ ከላን ፖርቶቹ አንዱ ለሌላ አገልግሎት ተለይቶ ስለሚዘጋ፣ አንዱ እምቢ ካለ ወደ ሌላው ያዛውሩ። በትክክል ከተሰካ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሞደሙ ላይ የፖርቱ መብራት ይበራል። መብራቱ ካልበራ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ምንም አይነካኩ፤ ጥፋቱ ኬብሉ ወይም ፖርቱ ላይ ነው።

አብዛኞቹ በጉግል ቲቪ ወይም በአንድሮይድ የሚሠሩ ቴሌቪዥኖች ኬብሉ ሲሰካ ራሳቸው ይቀበሉታል። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጄኔራል ወይም በአዳዲሶቹ ኮኔክሽን፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ኦፕን ኔትወርክ ሴቲንግስ ገብተው «ዋየርድ» የሚለውን ይመርጣሉ። ኤልጂ ላይ ከሁሉም ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክን ፈልገው «ዋየርድ ኮኔክሽን» ይላሉ። የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

የኬብል ፖርት የሌለው ቴሌቪዥን ከሆነ ዩኤስቢን ወደ ላን የሚቀይር አዳፕተር አለ። ሁሉም ቴሌቪዥን ግን አይቀበለውም፤ ካልሠራ እንደሚመልሱ ከባለሱቁ ጋር ተስማምተው ይግዙ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ፕሌስቴሽን ወይም ኢንተርኔት የሚፈልግ ዲኮደር ካለ ሁለተኛ ኬብል መዘርጋት አያስፈልግም፤ አምስት ፖርት ያላት ትንሽ ስዊች አንዱን ለሁሉም ታካፍላለች።

መብራቱ በርቶ «ኢንተርኔት የለም» ካለ፣ በኔትወርክ ሁኔታው ገጽ ላይ የአይፒ አድራሻውን (ሞደሙ ለእያንዳንዱ እቃ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ያንብቡ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ቴሌቪዥኑ ከሞደሙ ጋር ተግባብቷል፤ ችግሩ ከሞደሙ ወደ ውጭ ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ሞደሙ አድራሻ አልሰጠውም፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ለራሱ ያወጣው አድራሻ ነው። ሞደሙን አጥፍተው ያብሩ፣ ኬብሉን ይቀይሩ፣ አድራሻውም በእጅ የተሞላ ከሆነ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ከፋይበር ሞደሙ ቀድሞ ስለሚነሳ ለጥቂት ደቂቃ «የለም» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ታግሰው ደግመው ይሞክሩ።

በእኛ አገር ተደጋግሞ የሚያጋጥም ሌላም አለ፦ ቀኑ። ኢንተርኔቱ ገብቶ፣ አድራሻው ትክክል ሆኖ፣ ዩትዩብ ግን አልከፍት ይላል። ቴሌቪዥኑ ሲገዛ ቀኑን በእጅ ስንሞላ ዓመተ ምሕረቱን በእኛው አቆጣጠር አስገብተነው ይሆናል። ዩትዩብና ሌሎቹ መተግበሪያዎች ትክክለኛነታቸውን የሚያስመሰክሩት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ተብሎ በተሰጠ የደኅንነት ሰርተፊኬት ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ቴሌቪዥን ሰርተፊኬቱ ገና እንዳልተጀመረ ቆጥሮ ይከለክላል። ቀንና ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ ይመልሱ፤ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ፣ ከሌለ ናይሮቢ ያድርጉ፤ ሁለቱ አንድ ሰዓት ናቸው።

ኬብል ተሰክቶም ማታ ማታ የሚቆራረጥ ከሆነ ላፕቶፕ በዚያው ኬብል አገናኝተው ፍጥነቱን ከነሰዓቱ ይመዝግቡ። ለአገልግሎት ሰጪው ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት «በዋይፋይ ነው የለኩት?» የሚለው ነው፤ በኬብል የተለካ ቁጥር የያዘ ሰው ያንን ጥያቄ አልፎ በቀጥታ ወደ መስመሩ ጉዳይ ይገባል።

በሲም ካርድ በሚሠራ የ4ጂ ራውተር የምትጠቀሙ፣ በጊጋባይት የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ኬብሉ መንገዱን ሲያስተካክል ቴሌቪዥኑ ፍጥነቱን ለክቶ ጥራቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል። በ5 ሜጋቢት የሚመጣ 1080ፒ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል፤ በ20 ሜጋቢት የሚመጣ 4ኬ 9 ጊጋባይት። ትናንት በዋይፋይ ድክመት ምክንያት 480ፒ ሲያሳይ የነበረ ቴሌቪዥን ዛሬ የወሩን ፓኬጅ በሳምንት ሊጨርስ ይችላል። ዩትዩብ ላይ ቪዲዮው እየሄደ ሴቲንግ ከምትለዋ ምልክት ጥራቱን 720 ላይ ያድርጉት፤ ኔትፍሊክስ ላይ ደግሞ በአካውንቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል የዳታ አጠቃቀሙን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ያልተገደበ መስመር ያለው ሰው ይህን መንካት አያስፈልገውም።